ራእይን ለብቻዬ ልቀጥል ወይ ላልከው ወንድም፤ ከአውሬው አትጀምር

ወንድሜ፣ «የዮሐንስ ራእይን ለብቻዬ ማጥናት ጀምሬ ምዕራፍ 13 ላይ ተይዣለሁ፤ ልግፋበት ወይስ አብሮኝ የሚያጠና ሰው ልፈልግ?» ብለህ የጠየቅከውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንተ ያለህበት ቦታ ላይ እኔ ዓመት ከመንፈቅ ቆሜበታለሁ። ምዕራፍ 13 ላይ የተያዝከው ከዚያው ስለጀመርክ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ከፊተኞቹ ምዕራፎች ዘለን ምዕራፍ 13 ላይ ወዳለው አውሬ ነው የምንሮጠው።

1. ተመልሰህ ከምዕራፍ 1 ጀምር፤ ቁጥር 3 ላይ ስትደርስም ቁም። ብፁዕ የተባለው «የሚያነበው» ነው፤ አንድ ሰው። ቀጥሎ ግን «የሚሰሙት» ይላል፤ ብዙዎች። ከኤፌሶን እስከ ሎዶቅያ የነበሩት ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፉን የተቀበሉት አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው እየሰማ ነው። ለጥያቄህ መልሱ እዚያው ተጽፏል፤ ከሰው ጋር አጥና። እኔ ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት አልቆጥረውም።

2. ብሉይ ኪዳንን ከጎንህ ገልጠህ አንብብ። ዮሐንስ በዚህ መጽሐፍ አንድም ጊዜ «ተብሎ እንደ ተጻፈ» ብሎ አይጠቅስም፤ ዳንኤል፣ ሕዝቅኤል፣ ኢሳይያስ፣ ዘካርያስና ዘጸአት ግን በየገጹ አሉ። የያዘህን አውሬ ራሱን ተመልከት። መጀመሪያ ዐሥር ቀንዶች ታዩ፤ ከዚያ ነብር ይመስላል ተባለ፤ እግሩ የድብ፣ አፉ የአንበሳ። አሁን ዳንኤል 7ን ግለጥ፦ አንበሳ፣ ድብ፣ ነብር፣ በመጨረሻም ዐሥር ቀንድ ያለው አራተኛው አውሬ። ያው ዝርዝር ነው፤ ከኋላ ወደ ፊት ተቆጠረ እንጂ። ዳንኤል አራት አድርጎ ያያቸውን ዮሐንስ በአንድ አካል አያቸው። ይህን እንኳ እኔ ደርሼበት ነበር። ሰባቱ ራሶች ከየት እንደመጡ ግን ያሳዩን በቡድናችን ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ዳንኤል ሲነበብ ጣታቸውን እያጠፉ ሲቆጥሩ ቆዩና «ነብሩ አራት ራስ አለው፤ ከሦስቱ ጋር ሰባት አይሆንም?» አሉ። ሦስት ደብተር የሞላሁት ሰው ለብቻዬ አላየሁትም ነበር።

3. ዓመተ ምሕረት አታስላ። እዚህ ላይ ምክሬን ገታ አድርጌ የደረሰውን ልንገርህ።

ገና ስጀምር መጽሐፉ ከበደኝና ወደ አንድ የተማረ አገልጋይ ዘንድ ሄድኩ። ጥያቄዬን ሳይጨርስልኝ «ይህ መጽሐፍ ለእንደ አንተ ዓይነቱ አይደለም» ብሎ አሰናበተኝ። ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል። ግማሽ ሰዓት ቢሰጠኝ ኖሮ የኋላው ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር። በእልህ ወደ ቤቴ ተመልሼ በሬን ዘጋሁ። 42 ወር፣ 1260 ቀን፣ ዘመንና ዘመናት የዘመንም እኩሌታ የሚሉት ሁሉም ሦስት ዓመት ተኩል መሆናቸውን ሳውቅ ቁልፉ የተገኘ መሰለኝ። ቀኑን ወደ ዓመት ለወጥኩ፤ ከታሪክ መነሻ መረጥኩ፤ መነሻው ካልገጠመልኝ ሌላ መነሻ እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ዓለም ታልፍበታለች ያልኩት አንድ ዓመት ወጣልኝ። ግድግዳዬ ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼ ሰቀልኩና ለሚያምኑኝ ወጣቶች አስረዳሁ።

ከእነርሱ አንዱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ጊዜው ካለቀ ዲግሪው ምን ያደርግልኛል ብሎ ትምህርቱን በደብዳቤ አቋረጠ። ያልኩት ዓመት መጣ፤ ሄደ። ልጁን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ፋይሉን አውጥቶ የመልቀቂያ ደብዳቤውን በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ «ታዲያ ዓለም አላለፈችም እንዴ?» አለው። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰም። ያ ሰው ሥራው ፋይል ማየት እንጂ በተሰበረ ልጅ መሳለቅ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ነገር ግን የተነበበው የእኔ ስሌት ነበር። ልጁ ተመልሶ ለመመዝገብ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ይህ ስሕተት ከእኔ እንዳልጀመረም በኋላ ነው የተረዳሁት። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር በዳንኤል 8 ያለውን 2300 ቀን ወደ ዓመት ለውጦ አስልቶ ነበር፤ ተከታዮቹም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታን ጠበቁ፤ ሰብላቸውን ሳያነሡ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ምዕራፍ 13 የአውሬው ቁጥር ስለሚለው 666 ደግሞ በሁለተኛው መቶ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ኢሬኔዎስ እንኳን ቁጥሩን 616 ብለው የሚጽፉ ቅጂዎች እንዳሉ ያነሣል፤ ስም ለማውጣት መቸኮልንም ይነቅፋል። ለዮሐንስ ዘመን ያን ያህል የቀረበ ሰው ካልቸኮለ እኔን ማን አስቸኮለኝ?

አሁን በቡድን ስናጠና ሌላ ሥርዓት አለን። አንዱ ምዕራፉን ሙሉ ያነባል፤ ማንም አያቋርጠውም። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው የሰምርኔስ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን ተሰማቸው?» የሚል ነው። ከመካከላቸው ወደ ወኅኒ የሚጣሉ እንዳሉ ምዕራፍ 2 ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ ስለ እኛ ዘመን ዜና ከማውራታችን በፊት ስለ እነርሱ እናስባለን። መጽሐፉ ራሱ የፈታውን አንፈታም፤ መቅረዞቹ አብያተ ክርስቲያናት እንደሆኑ 1፥20፣ ውኃዎቹ ሕዝቦች እንደሆኑ 17፥15 ተናግሯል። አንዳንዱ ትንቢቱ በሮም ዘመን ተፈጽሟል ይላል፤ ሌላው ገና ወደፊት ነው ይላል። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ ከጽሑፉ ማስረጃ ሳይጠቅስ ግን ማንም አይከራከርም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውል፤ የሰማውንና ያየውን ለይ። በምዕራፍ 5 ዮሐንስ የሚሰማው ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል እንደ ነሣ ነው፤ ዞር ብሎ ሲያይ ግን የቆመው እንደ ታረደ በግ ነው። ይህን ያየን ምሽት ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። በምዕራፍ 7ም 144 ሺህ ይሰማል፤ ሲያይ ማንም ሊቆጥረው የማይችል ሕዝብ ነው። ከዚህ በኋላ ምዕራፍ 13ን ክፈትና አውሬው ከቁስሉ የዳነ፣ «እንደ ታረደ» የተባለ መሆኑን ተመልከት። በጉን አስመስሎ እንደ መጣ የገባን በጉን አስቀድመን ስላየነው ነው።

ሃያ ሁለቱን ምዕራፍ በዐሥራ አራት ወር ጨርሰናል፤ በዚህም እኮራለሁ። በየሳምንቱ የሚያነብልን ያ ትምህርቱን አቋርጦ የነበረው ልጅ ነው። ዳንኤል 7ንና ራእይ 13ን ጎን ለጎን ያስቀመጥንበትን ወረቀት ከፈለግህ ጻፍልኝና እልክልሃለሁ። ሁለት ሰው ካገኘህ ለመጀመር ይበቃሃል።