ወተቱ ለማን ነው?

ውድ ልጆቼ፣

በሕፃናት ሐኪምነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። እናቶችን «ልጁ ወተት ይጠጣል?» ብዬ ስጠይቅ ስለ ትንሹ ወዲያው ይመልሱልኛል። ስለ 12 ዓመቷ ታላቅ እህቱ ስጠይቅ ግን ይገረማሉ፤ «እርሷማ አድጋለች!» ይሉኛል። ልወቅሳቸው አልችልም። በገዛ ቤቴም የበኩር ልጄ ታናሽ ወንድም ሲወለድላት ወተቷን ወደ ጨቅላው አዙሬዋለሁ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከጨቅላነት ወዲህ አጥንት እንደ ጉርምስና በፍጥነት ካልሲየም የሚያከማችበት ዘመን የለም። ሴቶች ልጆች በ12 ዓመት ተኩል፣ ወንዶች በ14 ዓመት ገደማ ከሁሉም የላቀውን ያከማቻሉ። በዚያ ወቅት ዙሪያ ባሉት ሁለት ዓመታት ብቻ ከአዋቂ ሰው አጥንት ሩብ ያህሉ ይገነባል። የአሜሪካ ባለሙያዎች ከ9 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም የሚመክሩት ለዚህ ነው፤ ለጎልማሳ የሚመክሩት 1,000 ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። እኛ ግን ወተቱን የምናቆመው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው።

ምክር ብቻውን አይበቃም። አባት ማኪያቶውን ካፌ ጠጥቶ ገብቶ፣ በምሳ ገበታ ላይ ለስላሳ ተከፍቶ «ወተት ጠጡ» ቢባል ማን ይሰማል? ልጅ ወላጆቹ ሲጠጡ ያየውን፣ እጁ የደረሰበትን ይጠጣል። የተፈላ ወተት ወይም እርጎ በቤት ውስጥ ሲገኝ፣ ለስላሳው ለበዓል ሲቀር፣ ያለ ጭቅጭቅ ይለምደዋል። ወተት ሆዱን የሚነፋውን ልጅ ደግሞ አትቆጡት፤ እርጎ ስጡት። ሲረጋ ከወተቱ ስኳር ከፊሉ ስለሚቀንስ ለብዙዎች ይስማማል።

ወተት ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ያለንን እናስተውል። ለገበያ የምንሳሳለት ቅቤ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ካልሲየሙ የሚቀረው በአሬራው ውስጥ ነው። አሬራው ሞቆ አይብ ሲሆንም ብዙው ወደ አጓቱ ይሄዳል። አጓቱን በብዙ ቤት ለከብት ሲያጠጡት አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

በጾም ወራትም መፍትሔ አለ፤ የአበሻ ጎመን። ካልሲየሙ ለሰውነት የሚስማማ ነው። ቆስጣ ግን ቢመስለውም ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዝ እምብዛም አይሰጥም። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ሰውነት እንዳይወስደው የሚያግደው ነገር ይቀንሳል። እናቶቻችን ቡሆውን ቀናት የሚያቆዩት ለጣዕም ብቻ ይመስላቸው ይሆናል፤ ለአጥንትም ሠርተዋል።

ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ ታላቅ እህትና ታላቅ ወንድም ናችሁ፤ ነገ ወላጅ ትሆናላችሁ። እርጎው ሲቀዳ የ12 ዓመቷ ልጅ «ለትንሹ ይሁንለት» ብላ ብርጭቆዋን ስታርቅ ካያችሁ፣ መልሳችሁ ቅዱላት።

ያቺ የበኩር ልጄ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። ባለፈው እሑድ ቤቷ ስሄድ ሦስት ብርጭቆ ተደርድሮ አየሁ፤ የታላቂቱ ከሁሉም ይበልጥ ሞልቷል። አንዳች ሳልናገር የራሴን ብርጭቆ ዘረጋሁላት።