አዋሽ ይቆይ፤ ልጆቹን መጀመሪያ ሱባ ውሰጂያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የምትኖሩት አለም ገና ነው። ልጆችሽ 7 እና 11 ዓመታቸው ነው፤ የዱር እንስሳ ከቴሌቪዥን ውጭ አይተው አያውቁም። አዋሽ ፓርክን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል ወይ፣ በእግርስ መሄድ አለ ወይ፣ ውሻችንንስ ይዘን ብንሄድ ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ በሙሉ "ይቻላል፣ ሂዱ" ብለዋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መድረሱና መመለሱማ ይቻላል። እንስሳ ማየቱ ላይ ነው ችግሩ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከአለም ገና አዋሽ ፓርክ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከ አዳማ ፈጣን መንገዱ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ከጅቡቲ ከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋችሁ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ብትነሱ እንኳ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ልጅ "ሽንቴ መጣ" ብሎ ቆማችሁ፣ ፓርኩ ውስጥ የምትገቡት 4 ሰዓት ገደማ ነው። ቆላ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሳላውም፣ አምባራይሌውም ጥላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል። እንስሳ እንደ ልብ የሚታየው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ እናንተ አዳማን አልፋችሁ ወደ ቤት እየገሰገሳችሁ ነው። አዋሽ ማደር ይፈልጋል።

የሱባ ደን ግን ጎረቤታችሁ ነው። እኔ ሰበታ ስለምኖር ደኑን በደንብ አውቀዋለሁ። የሚገርመኝ፣ ሰዉ አውሬ ለማየት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ሱባ ያለበትን የወጨጫን ተራራ ግን ከመኪና መስኮት አይቶ ያልፈዋል። በእርግጥ ሱባ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ጥብቅ ደን ነው፤ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። አንበሳ የለም፣ ሜዳ አህያ የለም። ይህን ለልጆቹ ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው። እዚያ ደርሰው "ዝሆኑስ?" ካሉሽ ቀኑ ተበላሸ።

ያለው ምን መሰለሽ? በመጀመሪያ ጉሬዛ። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ወንዱ ያገሳል፤ ሞተር ብስክሌት አልነሳ ብሎ የሚንተከተክ ይመስላል። ልጆች መጀመሪያ ይፈራሉ፣ ቀጥሎ ማስመሰል ይጀምራሉ። ምግቡ በብዛት ቅጠል ስለሆነ እንደ ጦጣ ሲቅበዘበዝ አይውልም። የደጋው ብርድ እስኪለቀው ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ያኔ ነው ቀስ ብሎ ማየት። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው እያደገ ሲሄድ ነው። ታላቁን ልጅሽን ደግሞ አውራ ጣቱን ፈልግ በይው፤ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ጉጥ ብቻ ነው ያለችው።

ቀጥሎ የምኒልክ ድኩላ አለ። ይህ ድኩላ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ወንዱ ሊጠቁር ምንም አይቀረው፤ ሴቷ ቀላ ያለች ቡናማ ናት። ካያችሁት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። እሱም ቆሞ ያያችኋል። ከደነገጠ ውሻ በሚመስል ድምፅ ይጮኽና ጥሻው ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ጫካ ውስጥ "ውሻ ጮኸ" ከተባለ ወደዚያ ዞር በሉ። ከርከሮ፣ ሚዳቋ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣ ሞልቷል። ነብርም አለ። አታዩትም። ወፍ ለሚወድ ደግሞ ሶረኔ አለች፤ ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፣ ስትበር ክንፏ ቀይ ይሆናል።

ዛፎቹን በዝምታ እንዳታልፉ። የሀበሻ ጥዱና ዝግባው ግንዱ በአንድ ሰው እቅፍ አይያዝም፤ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሞክሩት። እንደሚነገረው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል። ይህን ታሪክ ዛፉ ሥር ሆናችሁ አውሯቸው፤ መኪና ውስጥ ከተነገረ አይሰሙም። ወደ ላይ እየወጣችሁ ስትሄዱ ኮሶው ይመጣል፣ ከዚያም አስታና ጅብራ። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ስለሆነ ታናሹ ልጅሽ ይደክመዋል፣ አየሩም ይሳሳል። ጫፍ ካልደረስን ብላችሁ አታስጨንቁት። እንስሳው ያለው ታች ጥቅጥቁ ደን ውስጥ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከሰበታ የሚገነጠለው አስፋልት አይደለም። ክረምት ላይ በቪትዝ አይሞከርም፤ ጭቃው ይውጣችኋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው፣ ግን ጠዋቱ አጥንት ይሰብራል፤ ጃኬትና ኮፍያ ያዙ። ከፍ ያለ መኪና ከሌላችሁ የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ ሚኒባስ ኮንትራት ብትይዙ ይሻላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እግራችሁ ጫካ ቢረግጥ ደስ ይለኛል። ለዚህ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና አስጎብኚ መኖሩን ከአንድ ቀን በፊት አጣሩ። የመንገዱንም ሰላም የአካባቢ ሰው ጠይቁ፤ ይህ ሱባም ሆነ አዋሽ ስትሄዱ አይቀርም። አስጎብኚውን "አያስፈልገንም" እንዳትሉ። ጉሬዛው ትናንት የት እንዳደረ የሚያውቀው እሱ ነው።

ልጆቹን ቁምጣ አታልብሷቸው፣ ሳማ መንገዱን ሞልቶታል። አንድ የሳማ ንክሻና ለቅሶው እስከ ሰበታ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ ይበቃል፤ እዚያ ሆቴል አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ለጦጣ ምግብ መስጠት የለም። አንዴ የለመደ ጦጣ ቀጥሎ ከሚመጣው ልጅ እጅ ነው የሚቀማው። ፌስታላችሁን ሰብስባችሁ ተመለሱ። "7 ዓመት ልጅ ዝም ይላል ወይ?" ትይኝ ይሆናል። አይልም። ሥራ ከሰጠሽው ግን ይሞክራል። ባይኖኩላሩን ለታናሹ ስጪው፤ ታላቁ ያየውን ይጻፍ። ቴፕና ስፒከር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ካጋጠሟችሁ ወደ ሌላ ዱካ ዞር በሉ፤ ከእነሱ ጋር መጨቃጨቅ እኔ ሰልችቶኛል።

አዋሽን ልጆቹ ሱባን ካዩ በኋላ፣ አንድ ሌሊት አድራችሁ ሂዱ። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ላይ በማለዳ ሳላ ታያላችሁ፤ ቀንዱ ቀጥ ያለ፣ ረጅም። ፏፏቴው ጋ አዞ አለ፣ በሰሜን በኩል ፍልውሃው ከነዘንባባው አለ። በብዛት በመኪና ነው፤ በእግር ከሆነ ከስካውት፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂ ጋር እንጂ ለብቻ መውረድ አይሆንም። ከብትና ግመል ፓርኩ ውስጥ ስታዩ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ከረዩዎቹና አፋሮቹ እዚያ ከብት ሲያረቡ የኖሩት ፓርኩ ሳይከለል በፊት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በ2017 ዓ.ም. ፓርኩ ያለበት የፈንታሌ ተራራ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ ከርሟል፣ ነዋሪም ከቦታው እንዲነሳ ተደርጓል። ወቅታዊውን ሁኔታ ሳታጣሩ ማደሪያ አትያዙ።

በእግር መሄድ ከሁሉ በላይ የምትፈልጉት ከሆነ ግን የረጅም ጊዜ ህልማችሁ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሁን። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሦስት አራት ቀን ዕረፍት ይፈልጋል። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘንን በእግር ጠጋ ብላችሁ ታዩታላችሁ፤ ከፍ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ሲያድን። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ውሻውን በተመለከተ፣ እቤት ይቅር። ሱባም ቢሆን፣ አዋሽም ቢሆን፣ ባሌም ቢሆን። ድኩላና ጉሬዛ ገና የውሻውን ጠረን ሲያገኙ ይሸሻሉ፤ ያን ሁሉ ተጉዛችሁ ባዶ ጫካ ነው የምታዩት። ከዚያ የሚብሰው በሽታው ነው። የባሌን ቀይ ቀበሮ በተደጋጋሚ የጨረሰው ከአካባቢው ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የእናንተ ተከትቧል ብትዪኝ እንኳ መልሴ ያው ነው። ለአንድ ቀን ጥበቃው ወይም ጎረቤት ይመግበዋል።

ቀን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የሰበታው መንገድ ከክረምቱ በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይቼ እነግርሻለሁ።