ቅዳሜ እናቷን ይዛ እንጦጦ ቤተ መንግሥት ለምትወጣው እህታችን

እህቴ፣ «እናቴንና ልጆቼን ይዤ እንጦጦ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ላሳያቸው አስቤያለሁ፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እናቴንና ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ስለነበር ልንገርሽ። መቼም አንቺም እንደኔ መኪና የለሽም ብዬ ነው።

1. ለታክሲው «እንጦጦ» ብቻ እንዳትዪው፤ «እንጦጦ ማርያም» በዪው። የእኛው ፓርኩ በር ላይ አራግፎን ሊሄድ ነበር። በ2013 የተከፈተው ፓርክ ቆንጆ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ያለው ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። «ካልጨመራችሁ ወዲያ አልሄድም» አለ። እናቴ «ልጄ፣ ዛፍ ለማየት ነው እንዴ የመጣነው?» ስትለው ሳቀ። ጭማሪውን ግን ተቀበለ።

2. ጋቢ ያዢ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እናትሽ ቀስ ብለው ይራመዱ። እቴጌ ጣይቱንም ቢሆን ወደ ፍልውሃ ያወረዳቸው ይሄው ብርድና የማገዶ እጥረት ነው። እዚያ ቤት አሠሩ፣ በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች።

3. አስጎብኚ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ መጣና ለቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ዋጋ ተስማማን። ሲጨርስ «ዋጋው በሰው ነው» አይልም! ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ሕፃን ሳይቀር ቆጠራት። እሺ፣ ሥራውን ቢያውቅ ምን ነበረበት? ምኒልክ ዘውድ የጫኑት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ብሎ ለልጆቼ ነገራቸው። «የለም ወንድሜ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882» አልኩት። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በስምንት ወር ገደማ መሆኑንም ጨመርኩለት። ትልቁ ልጄ ኮራብኝ። ጎረምሳው ግን ከሒሳቡ አንድ ብር አልቀነሰም። ስለዚህ ስትስማሚ «ለስንት ሰው?» ብለሽ፣ ምስክር ባለበት፣ ጮክ ብለሽ ጠይቂ። ትኬት ስትቆርጪም ማርያም ግቢ ያለውን ሙዚየምና ቤተ መንግሥቱን አንድ ላይ ይዞ እንደሆነ እዚያው አረጋግጪ።

ልጆቹ ደግሞ የጎንደሩን ፋሲል ግንብ ጠብቀው እንዳይመጡ። የእኔው «ቤተ መንግሥቱ ይሄ ነው?» ብሎ አኮረፈ። የጭቃና የእንጨት ቤት ነው፣ በነጭ የተቀባ። አያቱ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ «የአባቴም ቤት እንዲህ ነበር» ስትለው ነው ዞር ብሎ ያየው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላልቅ አለ። ንጉሡ የት ይተኙ ነበር? ግብሩ የት ይበላ ነበር? ለዚህ ለዚህ ሙዚየሙ ይሻላል፤ የነገሥታቱ ልብሶችና ዕቃዎች እዚያ አሉ። ልጆች ሳይደክማቸው እሱን አስቀድሚ።

ስትወርዱ ሽሮ ሜዳ ላይ ለእናትሽ ነጠላ ግዢላቸው። የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ እንዳትቀበዪ፤ እናትሽ ይከራከሩ፣ አንቺ ዝም በዪ።