ኪሮቭ ነው ወይስ ቪያትካ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው የሸክላ አውራ ዶሮ ሳሎናችን ውስጥ አለ። ሆዱ ላይ በእስክሪብቶ «ኪሮቭ 1984» ተጽፎበታል። አባቴ ግን «የቪያትካ ዶሮ» ነበር የሚለው። አሁን እሱ በሕይወት የለም። ትክክለኛው ከተማ የቱ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍሱን ይማርና አባትህ ልክ ነበር። ጽሑፉም ልክ ነው፤ ከተማው አንድ ነው።

እኔ ሌኒንግራድ ስማር አብሮኝ የሚያድር ልጅ የዚያ አገር ሰው ነበር። ፓስፖርቱ ኪሮቭ ይላል፤ አገርህ የት ነው ሲሉት ግን «ቪያትካ» ነበር መልሱ። አንድ ጊዜ በበረዶው ወራት ቤተሰቦቹ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ከሞስኮ 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማታ ተሳፍረን ጠዋት ደረስን። እናቱ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት ወረፋ ይዘው ነበር። ማሽኑ የሚሠራው እዚያው ኪሮቭ፣ ስሙ ግን «ቪያትካ»!

ቪያትካ የወንዙ ስም ነው። ወንዙ ካማ ውስጥ ይገባል፣ ካማ ደግሞ ቮልጋ ውስጥ። ከተማው ድሮ ኽሊኖቭ ይባል ነበር። ጓደኛዬ እየሳቀ እንደነገረኝ፣ በአገሬው አነጋገር «ኽሊን» አጭበርባሪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 ዳግማዊት ካትሪን ከተማውን በወንዙ ስም ጠሩት።

ኪሮቭ የመጣው በ1934 ነው። የሌኒንግራዱ የፓርቲ መሪ ሰርጌይ ኪሮቭ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በጥይት ተገደለ። ቀናት ሳይቆዩ ከተማው በስሙ ተሰየመ። ሰውየው ግን የተወለደው እዚያ ከተማ ሳይሆን፣ በዚያው ክፍለ ሀገር ኡርዡም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኪሮቭም የትግል ስሙ እንጂ የቤተሰቡ ስም ኮስትሪኮቭ ነበር። እንግዲህ ከተማው የተሸከመው የውሰት ስም ነው ማለት ነው! ሌኒንግራድ እንኳ በ1991 የድሮ ስሙን ሲመልስ ኪሮቭ እስከ ዛሬ ኪሮቭ ነው። ለእኔ ግን ቪያትካ ይሻለኛል።

ዶሮህ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ዲምኮቮ ከምትባለው ሰፈር የመጣ ጥበብ ሳይሆን አይቀርም። ቀይ ሸክላው በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ነጭ ይቀባና በደማቅ ቀለም ክብ ክብ ነጠብጣብ ይደረግበታል። ጭራው ላይ ቀዳዳ እንዳለ እስቲ እየው። ካለ ፊሽካ ነው፤ አቧራውን ጥረግና ንፋው።