371 ወይስ 336? ሲኖትራክ ለምትገዛው ወንድሜ

ከሸዋሮቢት ማሾ ጭኜ አዲስ አበባ ልመላለስ ነው፣ ያገለገለ ባለ 371 እና ባለ 336 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ አግኝቻለሁ፣ 371ዱ አይሻልም ወይ ብለሃል። በቁጥሩ ብቻ ቀብድ እንዳትከፍል።

1ኛ. 371 የሚሞላው ሞተሩ በደቂቃ 2200 ዙር ሲመታ ነው። ዳገት ላይ ዙሩ 1100 ከወረደ በእጅህ ያለው 235 ገደማ ነው። ያኔ የሚይዝህ ቶርኩ ነው፣ ዘንጉን የሚጠመዝዘው ኃይል። በ371ዱ 1500 ኒውተን ሜትር፣ በ336ቱ 1350። ቶርኩን በዙሩ አባዝተህ ለ7024 አካፍለው፣ ፈረስ ጉልበቱ ይወጣልሃል።

2ኛ. ዲፍረንሻሉን ጠይቅ፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ጥርስ። ቁጥሩ ጎማው አንዴ እንዲዞር ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። እኛን ያቃጠለን እሱ ነው። አለቃዬ 371 ሲገዛ ሻጩን «ዲፍረንሻሉ ስንት ነው?» አልኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ንዳ፣ ግዢውን ለባለንብረቱ ተው» ብሎኝ እርፍ! አለቃዬም አብሮ ሳቀ። መኪናው 4.8 ሆኖ ተገኘ፣ ለሜዳ የሚሆን። ከደብረሲና ወደ ጣርማበር ስንወጣ ጉም ይወርድና መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ይቆማል። ሙሉ ጭነት ይዞ ከዳገት ላይ ደጋግሞ መነሳት ነው እንግዲህ። ፍሪሲዮኑ ቶሎ ተበላ። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

በኋላ ለአለቃዬ ወረቀት ላይ አባዝቼ አሳየሁት። 1500 በ4.8 ሲባዛ 7200 ነው። ለዳገት የሚሆነው 5.73 ዲፍረንሻል ያለው 336 ግን 1350 በ5.73፣ 7735። በአንድ ዓይነት ማርሽ 336ቱ ይበልጣል ማለት ነው! ዲፍረንሻሉን አስቀየረ፣ ወጪው ግን አንጀቱን አሳረረው። ዛሬ መኪና ሊያይ ሲሄድ እኔን ሳይዝ አይሄድም።

እርግጥ 371ዱ ትክክለኛውን ማርሽ ካገኘ ዳገቱን በተሻለ ፍጥነት ይወጣል፣ የፈረስ ጉልበት ጥቅሙ እሱ ነው። 5.73ም ከደብረ ብርሃን ወዲያ ሜዳው ላይ ዙር ያበዛብሃል፣ ነዳጅ ይጠጣል። አንተ ግን ጭነትህን ይዘህ የምትሄደው ሽቅብ ስለሆነ 5.73 ያለውን ያዝ፣ 371 ከሆነማ እሰየው።

ቱርቦውንም፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን፣ አስፈትሽ። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው ከደከመ ጥቁር ጭስ ብቻ ነው የምታተርፈው።

ስትመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን ሳትጀምር፣ ዋሻው ጋ ማርሽ ቀንስ። የሞተር ፍሬን የሚይዘው ዙሩ ከፍ ሲል ነው፤ እዚያ 1100 ዙር አያቆምህም።