«ተላከ» እና «ተሸጠ»፦ የስልክ ቁጥሮች ጥያቄና መልስ

(መላሹ ለዓመታት በስልክ አከፋፋይ ድርጅት የሒሳብ ክፍል የሠሩ የውይይት ቡድናችን አባል ናቸው።)

ጥያቄ፦ አንድ አምራች «ይህን ያህል ሚሊዮን ስልክ ሸጥሁ» ሲል ስልኮቹ በተጠቃሚ እጅ ገብተዋል ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። ከአምራቹ ወጥተው አከፋፋይ ወይም ቸርቻሪ ዘንድ ደርሰዋል ማለት ነው፤ «ተላከ» የሚባለው ይህ ነው። አምራቹ ሸጧል፤ የሸጠው ግን ለነጋዴ ነው። ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህ ማጭበርበር አይባልም?

መልስ፦ አይባልም። በሒሳብ ደንብ ገቢ የሚመዘገበው ዕቃው በገዢው ቁጥጥር ሥር ሲገባ ነው፤ ነጋዴውም ገዢ ነው። ዕቃውን የመመለስ መብት ካለው አምራቹ የሚመለሰውን ገምቶ ከገቢው ይቀንሳል። ነገሩ የሚጣመመው ሩብ ዓመት ሊዘጋ ሲል ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። በመጨረሻው ሳምንት ይደወልልን ነበር፦ «አንድ ጭነት ጨምሩ፣ ቅናሽ አለ፣ ክፍያውም ይቆያል።» መጋዘኑ ሞልቶ ካርቶን በኮሪደር ደርድረን እናውቃለን። የአምራቹ ቁጥር በዚያ ሩብ ዓመት አማረ፤ በሚቀጥለው እኛ አንድም ስልክ አላዘዝንም።

የዚህን ዓይነት ክምችት መዘዝ ማየት የሚፈልግ የስልክ አምራቹን የብላክቤሪን ሒሳብ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 መጨረሻ በተዘጋው ሩብ ዓመት ገቢ የመዘገበው በ3.7 ሚሊዮን ስልኮች ነው። ለተጠቃሚ የተሸጡት ግን፣ ቀደም ብለው ተልከው በነጋዴ እጅ የቆዩትን ጨምሮ፣ 5.9 ሚሊዮን ነበሩ። በዚያው ሩብ ዓመት 934 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የክምችት ኪሳራ መዘገበ፤ አብዛኛው ዜድ10 በተባለው ስልኩ ምክንያት። የትኛው ነው «የሽያጭ ቁጥር»? ሁለቱም፤ ለማን እንደሆነ ካልተባለ ግን አንዱም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ስንት ስልክ ተሸጠ?

መልስ፦ የማን? መቼ? ለማን?

ጥያቄ፦ አፕልስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የአይፎን ብዛት መግለጽ እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የሚነግረን ገቢውን ነው።

አንድ አባል፦ ቢሆንም የገበያ ጥናት ድርጅቱ አይዲሲ ለእ.ኤ.አ. 2023 አፕልን በ234.6 ሚሊዮን አንደኛ፣ ሳምሰንግን በ226.6 ሚሊዮን ሁለተኛ አድርጓል። ክርክሩ አበቃ።

ሌላ አባል፦ አፕል ቁጥሩን ካልሰጠ አይዲሲ ከየት አመጣው?

የመጀመሪያው አባል፦ ሳምሰንግ ስለተበለጠ ነው የሚያምህ። ካሜራው እንኳ…

ሌላ አባል፦ ካሜራ ማን አነሣ? ደግሞ የሳምሰንግ ካሜራ ነው የሚሻለው።

መልስ፦ ካሜራውን ሌላ ቦታ ውሰዱት። የጥናት ድርጅቶች ከክፍል አቅራቢዎች፣ ከአከፋፋዮችና ከቸርቻሪዎች መረጃ ሰብስበው ይገምታሉ፤ ስለዚህ ግምታቸው ይለያያል። የጠቀሳችሁትም የተላኩትን ነው። የስምንት ሚሊዮን ልዩነት ደግሞ በነጋዴዎች መደርደሪያ ላይ ሊዋጥ ይችላል። እደግመዋለሁ፦ ለማን?

ጥያቄ፦ ስልኩ በርቶ ሲመዘገብ መቁጠር አይሻልም?

መልስ፦ ለእኔ ይሻላል፤ ካርቶን ውስጥ ያለ ስልክ አይበራምና። ነገር ግን «በሥራ ላይ ያሉ መሣሪያዎች» ከሚባለው ጋር አታምታቱት። አፕል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ከ2.2 ቢሊዮን በላይ ሲል ኮምፒውተሩንም ሰዓቱንም ቆጥሮ ነው፤ ከዓመታት በፊት የተሸጠውም አለበት።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። የተላከና የተሸጠ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ ጀምረው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ እነዚያ በኮሪደር የተደረደሩት ካርቶኖች መጨረሻቸው ምን ሆነ?

መልስ፦ አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ዋጋቸው ተቆርጦ ተሸጡ። የዋጋውን ልዩነት በውላችን መሠረት አምራቹ ካሰን፤ በእሱ መዝገብ ከገቢው ተቀነሰ። ሲላኩ የተቆጠሩት ስልኮች ብዛት ግን አንድም አልጎደለም።