ሙዝ ዛፍ አይደለም

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ስለ ዕፅዋት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ከጋሪ ሙዝ እገዛለሁ። ሻጩ ልጅ "ፋዘር፣ የአርባ ምንጭ ነው" ይለኛል። ሁሌም የአርባ ምንጭ ነው!

አርባ ምንጭ ሲነሳ ግን ትንሽ አፍራለሁ። ገና እንደተመረቅኩ እዚያ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ቆሜ "ይህ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው?" አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ፍሬው የተቆረጠለትን አንዱን በገጀራ መቱት፤ ባንድ ምት ወደቀ። ጠጋ ብዬ አየሁ። እንጨት የሚባል ነገር የለውም። እንደ ሽንኩርት የተደራረበ የቅጠል እግር ብቻ ነው፣ ውሃ እያንጠባጠበ። "ዛፍ ያልከው ይሄን ነው?" አሉኝ። ዲግሪዬ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር።

ምክሬም ከዚያ ቀን የመጣ ነው። በየቀኑ የምትነኩትን ነገር አውቀዋለሁ ብላችሁ አትለፉት።

ሙዝን ብቻ እዩት። አንዴ አፍርቶ ይሞታል፤ ከግርጌው የበቀሉ ልጆቹ ይተኩታል። የምንበላው ሙዝ ዘር ስለሌለው የሚራባው በእነሱ ነው፤ ልጁ ቁርጥ እናቱን ነው። ይህ ጣጣ አለው። ድሮ የዓለምን ገበያ የያዘው ግሮ ሚሼል የሚባል ሙዝ ነበር። አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ገባበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበሩ አንዱን የጣለው ሌላውንም ጣለ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ ገበያው ካቨንዲሽ ወደሚባል ሌላ የሙዝ ዓይነት ዞረ። አሁን ደግሞ የዚያው ፈንገስ ሌላ ዝርያ ካቨንዲሽን ይዞታል፤ በፈረንጆቹ 2013 ሞዛምቢክ፣ በ2019 ኮሎምቢያ ውስጥ ተገኝቷል።

እንሰታችን የሙዝ የአክስት ልጅ ነው። እናቶቻችሁ ድፎ ዳቦ የሚጋግሩበት ኮባ የእሱ ቅጠል ነው። ከሙዝ የምንበላው ፍሬውን ነው፤ ከእንሰት ግን ቆጮ የሚወጣው ከዚያ ግንድ ከሚመስለው አካሉና ከሥሩ ነው።

ባለፈው የጋሪውን ልጅ ሙዙ እንዴት እንደሚበስል ጠየቅኩት። በጠባብ ክፍል ዘግተው የላምባ ጭስ ያጨሱበታል አለኝ። ጭሱ ውስጥ ያለው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ነው የሚያበስለው አልኩት። "ኤትሊን ደሞ ምንድን ነው?" አለ። ከኋላዬ ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቃል። እንዲያም ሆኖ አስረዳሁት።